ከሰባቱ ጥዶች ሥር የመጣ አፈር

አጅዋንግ ኦቻላን ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የማያውቃት አልነበረም ብል ውሸት ይሆንብኛል። የሚያውቋት ጥቂቶች ነበሩ፤ የባሮ ዳሩ ችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች፣ ኋላ በተዘጋችው ቤተ ክርስቲያን አብረዋት የዘመሩ ሰዎች፣ ዓሣ የሚሸጡላት ሴቶች። ሹመት አልነበራትም፣ ልጅ አልወለደችም። ባሏን ባሮ በአንድ የጎርፍ ዓመት ወስዶባት ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትኖር ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራችው አንድ ሥራ ነው፦ ለችግኝ አፈር ማዘጋጀት። እኔ ግን በዕድሜዬ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው እሷን ነው፤ ወድጄም አይደለም።

የትናየት እባላለሁ። በ1975 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ የደን ቴክኒሻን የሚል ወረቀት ይዤ ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ጋምቤላ ሙቀት ተላክኩ። ወረቀቱ ገና አዲስ ስለነበር የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ችግኝ ጣቢያው ከባሮ ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ በማንጎ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ስደርስ አጅዋንግ መሬት ላይ ተቀምጣ አፈር በጣቶቿ ስታፈርስ አገኘኋት። ቀና ብላ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ።

«አንቺ ነሽ አለቃ?»

«አዎ፤ ምነው?»

«ምንም። ጫማሽ ነጭ ነው።»

እዚያ አገር «እርስዎ» ብሎ ነገር የለም፤ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን እኔም እናቴ ልትሆን ትንሽ የቀራትን ሴት አንቺ ማለት ለመድኩ። በአማርኛ የምትናገረው ጥቂት ነው። ቋንቋው ስለሚቸግራት ብቻ አልነበረም፤ በራሷ ቋንቋም ቢሆን ነገር አታበዛም።

ወንድሟ ኦቹዶ ከእሷ በአሥር ዓመት ያንሳል። እዚያው ጣቢያ አፈር አዘጋጅ ነበር። እሱም ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ ግን ማንጎው ላይ ያሉ ወፎች ይነሳሉ። ዓሣ ሁሉ ይበላል፣ ከአምባዛ በቀር። በልጅነቱ አምባዛ በልቶ ሊሞት ደርሶ ስለነበር ሽታው እንኳ ያስመልሰዋል። ሠራተኞቹ «የባሮ ልጅ አምባዛ ፈራ» እያሉ ያበሽቁታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ጥላው በማይለቀው ቦታ፣ አንድ የአፈር ክምር ነበር። ዙሪያውን በጣሳ የተተከሉ አሥራ አንድ ትንንሽ ጥዶች ቆመዋል። ክምሩን «እናት አፈር» ይሉታል። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ አጅዋንግ እጇን ወደ ከተማው ማዶ ዘርግታ የድሮውን የሚሲዮን ግቢ አሳየችኝ። በግቢው ውስጥ ሰባት ትልልቅ ጥዶች ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ ይታያሉ።

«አባታችን ነው የተከለው» አለችኝ።

አባታቸው ኦቻላ የሚሲዮኑ አትክልተኛ ነበር። ፈረንጆቹ ከውጭ የጥድ ዘር አስመጥተው ሁለት ጊዜ አስዘሩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ችግኙ ጣት ሳያህል ሐምራዊ ሆኖ ደረቀ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቄስ ከነአፈሩ በጣሳ የተተከለ ጥድ ከሩቅ አገር ይዘው መጡ። እሱም ከመንገድ ድካም አልዳነም። ኦቻላ ጣሳውን ሊደፋ ሲል ግን አፈሩ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር አየና እጁን ሰበሰበ። ያቺን አፈር እንደ እርሾ ከሌላ አፈር ጋር ለውሶ ዘሩን ዘራበት። ሰባቱ ጥዶች ያን ጊዜ በቀሉ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ጥድ ሲተክል ከትልልቆቹ ሥር አንድ ጭብጥ አፈር ሳይጨምር ተክሎ አያውቅም። መንግሥት ግቢውን ወርሶ የደኅንነት ሰዎች ሲገቡበት አጅዋንግና ኦቹዶ ከበሩ መዘጋት በፊት ሁለት ጆንያ አፈር አወጡ። እርሾው እንዳይሞት በየዓመቱ ጥቂት ጥድ እያበቀሉበት ስድስት ዓመት አቆዩት።

«ጥድ ብቻውን አይበላም» አለችኝ አጅዋንግ ያን ቀን። «ክሩ ያበላዋል። እሱም ክሩን ያበላል። አንዱ ካቆመ ሁለቱም ይሞታል።»

ሳቅኩ። ጥድ በምን አፉ ይበላል አልኳት። ወደ አፈሯ ተመለሰች።

በታኅሣሥ 1976 ትእዛዝ መጣ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ከከተማው መግቢያ ጀምሮ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሠላሳ ሺህ ጥድ ይተከላል ተባለ። ለምን ጥድ፣ ለምን ጋምቤላ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ዘመኑ የሚጠየቅበት አልነበረም። የዘመቻው ኃላፊ የሚባሉ፣ ሁልጊዜ መነጽራቸውን በመሐረብ የሚወለውሉ ሰው መጥተው ጣቢያውን ዞረው አዩ። «በዚህ ጉዳይ ስህተት የሚባል ነገር የለም፤ አሻጥር እንጂ» ብለውን ሄዱ።

እኔም ደነገጥኩ። የደነገጠ ጉረኛ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በማግስቱ መዝገቤን ታቅፌ ሥራ ልፈትሽ ወጣሁና እናት አፈሩን በዱላ ገለጥ አደረግኩት። ውስጡ ነጭ በነጭ ነው። ትምህርት ቤት አንድ ወር ሙሉ የተማርነው ችግኝን ከአንገቱ የሚያበሰብሰው በሽታ ከሻጋታ እንደሚመጣ ነበር። ስለ ሌላው ፈንገስ፣ ከሥር ጋር ተዋድዶ ስለሚኖረው፣ ደብተሬ ላይ የነበረኝ ሁለት መስመር ነው። ለፈተና አይመጣም ተብሎ ስለነበር አላነበብኩትም።

«ይህ ሻጋታ ነው፤ ይቃጠል» አልኩ።

ኦቹዶ አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። «ጓድ የትናየት፣ በሽታ አይደለም። የጥዱ አፍ ይሄ ነው።»

«አፍ? እኔ ተምሬ ነው የመጣሁት።»

«አባታችን...»

«አባታችሁ የደን ባለሙያ ነበሩ?»

እኔም ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ፦ ነጭ ሻጋታ የታየበት አፈርና በላዩ ያሉት ችግኞች በሙሉ ይቃጠሉ፤ ለዘር የሚሆነው አፈርም በበርሜል ይቆላ። ፈረምኩበት፣ ማኅተም አደረግኩበት፣ መጋዘኑ በር ላይ ካለው ሚስማር ሰቀልኩት። ኦቹዶ ሦስት ቀን በርሜል ላይ አፈር ቆላ። አጅዋንግ አሥራ አንዱን ጣሳ አንድ በአንድ አምጥታ እሳቱ አጠገብ ስትደረድር ፊቷን አላሳየችኝም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ዘሩ በቀለ። እስከ መጋቢት አረንጓዴ ነበርና ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። በሚያዝያ የቅጠሎቹ ጫፍ ደም የቋጠረ መሰለ። ከዚያ ከመደብ መደብ ሐምራዊው ተዛመተ፤ ችግኙ ከጣት ሳይረዝም ቆመ። ውሃ ጨመርኩ፣ ጥላ ጨመርኩ፣ የነበረንን ትንሽ ማዳበሪያ በተንኩ። አንድ ሌሊት ሳጥኔን ፈትሼ ያንን ደብተር አወጣሁና ሁለቱን መስመር አነበብኩ፦ «ጥድ ከሥሩ ጋር የሚኖረው ፈንገስ በሌለበት አፈር ፎስፈረስ መውሰድ ይሳነዋል፤ ቅጠሉ ሐምራዊ ሆኖ ይጫጫል። መፍትሔ፦ ከአሮጌ ጥድ ሥር አፈር ማምጣት።» ሁለት መስመር። ጭንቅላቴን ከግድግዳ ባጋጨው በወደድኩ።

ግንቦት 9 ቀን ኃላፊው ሁለት ታጣቂ አስከትለው መጡ። በመደቦቹ መካከል ቀስ ብለው ሄዱ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወልውለው፣ መልሰው አደረጉት።

«ይህን አፈር ያዘጋጀው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኦቹዶ።

«ለምን ተቆላ?»

ኦቹዶ አየኝ። እኔ ነጭ ጫማዬን አየሁ። ያኔ ነጭ አልነበረም፤ ግን እሱን እሱን አየሁ።

«በሽታ ይኖራል ብዬ» አለ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። ያ ዳዋ ግን አይጧን እያያት ነበር የተመታው። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አፌ አልከፈት አለኝ፤ እንዲከፈትም አልታገልኩም።

«ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉት ኃላፊው። ወደ አጅዋንግ ዞረው ደግሞ እንደ ደግ ሰው ረጋ ብለው ተናገሩ። «እህቱ ነሽ? ችግኙ እስከ በዓሉ ከዳነ ወንድምሽ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ይመጣል። ካልዳነ አሻጥር ነው።»

እስር ቤት ወዳደረጉት ወደ ሚሲዮኑ ግቢ ወሰዱት። እነሱ እንደሄዱ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። ወረቀቱን ከሚስማሩ ነቅዬ ልቀድ ነበር። ሚስማሩ ባዶ ነው። ነፋስ ወስዶት ይሆናል አልኩና ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አጅዋንግ በማግስቱ ማለዳ ቢሮዬ መጣች። አላለቀሰችም፣ አልተቀመጠችም።

«ደብዳቤ ጻፊ» አለች። «ከሰባቱ ጥድ ሥር አፈር ስጡን በዪ።»

ሌላ አሮጌ ጥድ ያለው ደጋ ነው፤ የደጋው መንገድ ደግሞ በዝናብ ተቆርጧል። ስለዚህ ጻፍኩ። ለበዓሉ ችግኝ ሲባል አሥር ጆንያ አፈር ከግቢው እንዲሰጠን ጠየቅኩ። ኃላፊው ፈቀዱ፤ ግን ማንም ሰው ወደ ውስጥ አይገባም፣ ዘበኞቹ ራሳቸው ቆፍረው በር ላይ ያስቀምጣሉ ተባለ። ግንቦት 20 ቀን ጆንያዎቹ መጡ። አጅዋንግ የመጀመሪያውን ፈትታ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። ስታወጣው መዳፏ ላይ የሹካ ጥርስ የመሰሉ ደቃቅ ሥሮች፣ ሥሮቹን የለበሰ ነጭ ክር ነበር። አፍንጫዋ አጠገብ ይዛው ቆየች። ዝናብ ያገኘው እንጉዳይ ይሸታል።

ሠላሳ ሺህ ችግኝ ነው፤ አሥሩ ጆንያ ግማሹን ብቻ አዳረሰ። እያንዳንዱን የፕላስቲክ ከረጢት በእንጨት እየወጋን ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ጭብጥ አኖርን። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ክሩ ሥር የማይደርስበት ደቃቅ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ፎስፈረሱንና ውሃውን ለቃቅሞ ያመጣል፤ ችግኙም በቅጠሉ ከፀሐይ የሠራውን ስኳር ወደ ታች ያወርድለታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከዓይን ተሰውሮ ነው። ላዩ ላይ ሳምንት ሙሉ ብታፈጥ የምታየው ያንኑ ሐምራዊ ነው።

አጅዋንግ በዚያ መካከል በየቀኑ በስድስት ሰዓት ሥራዋን አቁማ ወደ ግቢው በር ትሄዳለች። እናቷ አጁሉ ለልጇ ምሳ ትሠራለች፤ የበቆሎ ገንፎ፣ አንዳንድ ቀን ከዓሣ ጋር። ሰማያዊ ጠርዝ ባለው የብረት ሳህን ነው። በሩ ላይ ዳክ የሚባል የኑዌር ዘበኛ ይቀበላታል፤ ቤተ ክርስቲያኗ ሳትዘጋ ከበሮ ይመታ የነበረ፣ የሚያውቃት ሰው ነው። ሳህኑን ይዞ ይገባል፣ ባዶውን ይዞ ይወጣል። አጅዋንግ ባዶውን ሳህን ለእናቷ ትወስዳለች። አሮጊቷ እግሯ ስለማይሠራ ከደጃፏ ምንጣፍ አትነሳም፤ ሳህኑን ተቀብላ ውስጡን ታያለች። ባዶ ከሆነ ልጇ አለ፣ በልቷል፣ ደህና ነው። በዚያ ዘመን ምግብ ከበር ከተመለሰ ትርጉሙን ሁሉም ያውቀዋል። የኦቹዶ ምግብ አንድም ቀን አልተመለሰም።

አንድ ቀን ከዳክ ሳህኑን ስትቀበል አብሬያት ነበርኩ። ታጥቧል።

«ንጹሕ ሰው ነው» አልኳት ላጽናናት ብዬ።

«ኦቹዶ?» አለችኝ። ሳህኑን አገላብጣ አየችው።

በሐምሌ መጀመሪያ እናት አፈር ያገኙት መደቦች ከሥራቸው ጀምረው አረንጓዴ ሆኑ። ሐምራዊው እንደ በለዘ ቁስል ጠርዙን እየለቀቀ ሸሸ። እኔ እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። አጅዋንግ የመጀመሪያ ፈገግታዋን አሳየችኝ፤ ጥርሷ እንደ ወንድሟ ሰፊ ነው። ለቀሪው ግማሽ ሌላ አሥር ጆንያ ጠየቅን፣ ተፈቀደ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል ያገሬ ሰው። ባሮ ዳር እየኖርኩ ይህ ተረት ትዝ አላለኝም።

ሐምሌ 12 ቀን ሁለተኛዎቹ ጆንያዎች መጡ። ዘበኞቹ በጥድፊያ ሞልተዋቸዋል። አጅዋንግ አራቱን ፈትታ አየች፤ ደህና ናቸው። አምስተኛውን ፈታች፣ እጇን አስገባች፣ አላወጣችውም።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

አፈሩን ንጣፍ ላይ ደፋችው። ጥቁሩ የላይ አፈር ውስጥ ቢጫ ሸክላ ተቀላቅሏል። ከጥዶቹ ሥር ቢጫው የሚገኘው እስከ ደረት ከተቆፈረ በኋላ ነው፤ እሷ ይህን ከአባቷ ጋር ጉድጓድ ቆፍራ ታውቀዋለች። ከዚያ አንድ ሥር አነሳች። በአካፋ የተቆረጠ ነው፤ ከቁራጩ ጫፍ ግን ጣት የሚያህል አዲስ ነጭ ሥር ወጥቷል። የቀድሞው ክር ሁሉ ተበጣጥሷል፣ አዲሱ ገና ብጥስጣሹን መያያዝ እየጀመረ ነው። ስድስተኛውን ደፋች። ሰባተኛውን። ያው ነው።

«ይሄ ቦታ ድሮ ተቆፍሯል» አለች። «በጥልቅ። ከዚያ ተመልሶ ተሞላ። አሁን ለስላሳ ስለሆነ ቀለላቸው፣ ከዚያው ቆፈሩ።»

«መቼ ነው የተቆፈረው?»

አዲሱን ሥር በጣቷ ለካችው። አባቷ ሥር ቆርጦ ችግኝ ሲያዛውር እንዲህ እያደረገ ነበር የሚለካው።

«ሁለት ወር» አለች።

ኦቹዶ ከተወሰደ ሁለት ወር ከሦስት ቀን ሆኖት ነበር። እኔ ቶሎ ብዬ የቆሻሻ ጉድጓድ ይሆናል፣ የሽንት ቤት ይሆናል፣ ምግቡን እኮ ይበላል አልኩ። ብዙ አወራሁ። እሷ የማንጎውን ጥላ አልፋ የግቢውን ጣሪያ እያየች ነበር። ጣሪያው ላይ ጥንብ አንሺዎቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች፣ አንገታቸውን ቀብረው ተኮልኩለዋል።

በማግስቱ እናቷ የሠራችውን ምግብ መንገድ ላይ ለአንድ ለማኝ ሰጥታ በሳህኑ ሌላ ምግብ ይዛ ሄደች። ዳክ እንደ ሁልጊዜው ተቀበላት። ሳህኑ ባዶውን፣ ታጥቦ ተመለሰ። ወደ ጣቢያው መጥታ ከፊቴ አስቀመጠችው።

«አምባዛ ነበር» አለችኝ።

ሳህኑን አንስቼ አገላበጥኩት።

«ዳክ ነው የሚበላው?» አልኩ።

«ዳክ ክፉ አይደለም። ምግቡን ቢመልስ እናቴ ትሞታለች። ያውቃል።» ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ጆንያዎቹ ሄደች።

አፈሩን ወስዳ የምትቀብረው መስሎኝ ተከተልኳት። አልቀበረችውም። እንጨቷን ይዛ ሐምራዊው መደብ አጠገብ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያውን ከረጢት ወጋች፣ ከአምስተኛው ጆንያ አንድ ጭብጥ አኖረችበት።

«አጅዋንግ፣ ተይ! ይህንን እንኳ ተይው!»

«ኦቹዶ ሥራ ጀምሮ ትቶ አያውቅም» አለች፤ ድምጿ ያን ጊዜ ብቻ ተሰበረ። ቀኑን ሙሉ በራሷ ቋንቋ ቀስ ብላ እየዘመረች አኖረች። ማንም እንዲያግዛት አልፈቀደችም። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ጆንያ ያለውን በስድስት ቀን ብቻዋን ጨረሰች።

ለምን ምግብ መውሰዱን አታቆሚም አልኳት አንድ ቀን። ካቆመች ማወቋን ያውቃሉ፤ ያወቀ ሰው ደግሞ በዚያ ከተማ አይበረክትም ነበር። እሷ ግን ይህን አይደለም የመለሰችልኝ። «እናቴ ሳህኑን ታያለች» ነው ያለችኝ።

ነሐሴ 28 ቀን ችግኙን የሚያዩ እንግዶች ከክፍለ ሀገር መጡ። መደቦቹ ታርመው፣ መንገዱ ኖራ ተቀብቶ፣ ሠራተኞቹ በሰልፍ ቆመዋል። ችግኙ አረንጓዴ ነበር። የኋለኛው ግማሽ እንኳ ሐምራዊው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሪፖርት የማነበው እኔ ነኝ፤ ማለዳ ላይ ኃላፊው ወረቀቴን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ በገዛ እጃቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩበት። ስደርስበት አላለፍኩትም፤ አነበብኩት።

«ችግሩ የአፈር ሳይሆን የሰው እንደነበረ ተረጋግጧል፤ አሻጥረኛው ከተወገደ ወዲህ ችግኙ ሙሉ በሙሉ አገግሟል።»

ተጨበጨበ። ያድነው ይሆናል ብለን ሦስት ወር በጥፍራችን የቧጠጥነው አረንጓዴ ቅጠል ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት። እንግዶቹ ለአጅዋንግ የምስጋና ወረቀት ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ጎንበስ አለች፣ ወደ ሰልፏ ተመለሰች።

በማግስቱ በስድስት ሰዓት ቢሮዬ ገባች። ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን ሳህን ክዳኑን ሳትከፍት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ከመቀነቷ ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ከሳህኑ ጎን አኖረች። ዘርግቼ ሳላየው አወቅኩት። ማኅተሜ በጀርባው በኩል ይታያል።

«አንቺ ነበርሽ የወሰድሽው?»

«እኔ ነኝ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ማንበብ ተምሬያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላሳየሽም? ይህን ብታሳዪያቸው...»

«ሲወስዱት ኦቹዶ በቋንቋችን ነገረኝ። ‹ወረቀቱን ደብቂ› አለ። ‹ልጅቷ ከታሰረች ከጥዶቹ ሥር አፈር ስጡን ብሎ የሚጽፍ የለም። ትናገራለች፤ ጊዜ ስጫት› አለ።» ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። «ጊዜ ሰጠሁሽ።»

ይህን ቃሏን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዓመታት ተሸክሜዋለሁ፤ ሆድ ግን አልፈጀውም። እግሯ ላይ ልወድቅ ከወንበሬ ስነሳ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችኝ።

«ዳክ የለም» አለች። «ትናንት ወደ ማታር፣ ወደ ድንበሩ አዛወሩት። በሩ ላይ ያለው አዲስ ነው፣ ምግብ አይቀበልም።» ክዳኑን ከፈተች። እናቷ የሠራችው የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ገና ይተናል። ማንኪያውን እጄ ላይ አስያዘችኝ። «ብዪ።»

«አጅዋንግ፣ እኔ...»

«ሳህኑ ባዶ መመለስ አለበት። ብዪ።»

በላሁ። እንባዬ ከገንፎው ጋር እየገባ በላሁ። በማግስቱም መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን። ጥዶቹ መንገድ ዳር ሲተከሉ፣ በዓሉ ሲከበር፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ በየቀኑ በስድስት ሰዓት ሳህኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አሮጊቷ አጁሉ ጥር ላይ እስክታርፍ ድረስ ለልጇ የሠራችውን ምሳ ሁሉ የበላሁት እኔ ነኝ። አጅዋንግ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አንድ ቀን ሁለት ጉርሻ አስቀረሁና ሳህኑን ገፋ አደረግኩት።

መልሳ ወደ እኔ አስጠጋችው።

«ጨርሺ» አለችኝ። «ሲተርፍ፣ ልጄ ታመመ ወይ ትለኛለች።»

ጨረስኩት።